የሊቀመንበሩ አንድ ዓይን

ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች ሰልችተውኛል። የነፍስ አባቴም ይሉኛል፣ ጎረቤቶቼም ይሉኛል። «ያ ዘመን አለፈ፣ ደርግም ወደቀ፣ ሰውየውም የት እንደገባ አይታወቅም፤ አንቺን እስከ ዛሬ ምን ያንገበግብሻል?» ይሉኛል። እኔ ግን አልረሳሁም፣ መርሳትም አልፈልግም። ይቅርታዬን ለመስማት የሚጠብቅ ካለ እንዳይደክም አስቀድሜ ልናገር። በዚያ ሊቀመንበር ላይ ያደረግሁትን ዐውቄ ነው ያደረግሁት፣ ዛሬም ቢመጣ ደግሜ አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ እጄ ተንቀጥቅጧል። እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። የምንኖረው ከወረታ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መንደር ነው፤ ክረምት ሲገባ ግማሹ ውሃ ይሆናል። በፎገራ ሜዳ ያሉት አጥቢያዎች ግድግዳቸው ሲያረጅ አባቴን ያስጠሯቸዋል። እሳቸው ሸማውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይስላሉ፣ እኔ ቀለም እፈጫለሁ። ሴት ስለሆንሁ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ እጄን አላሳርፍም። ቢሆንም ጥላሸቱን ከሙጫ የማዋሕደው፣ ቀዩን አፈር የምሰልቀው፣ የትኛው ጥቁር ቶሎ እንደሚደበዝዝና የትኛው ዓመታት እንደሚከርም ለይቼ የማውቀው እኔ ነበርሁ። ወንድሜ ወደዚህ ሥራ አልቀረበም። የሱ ነገር በሬና ማረሻ፣ በኋላም ሩዝ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኛው ሦስታችን ነን።

የአባቴ ሥራ አንድ ሥርዓት አለው፣ እሱን ሳላስረዳ ነገሩ አይገባም። ጻድቅ ሰው ሲሳል ፊቱ ወደሚያየው ሰው ዞሮ ነው፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ ሰማዕታቱን ያሳረዱት ነገሥታት፣ ሰይጣንም ራሱ የሚሳሉት በጎን ነው። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ዞሮ ሲሳለም ማን ማን እንደሆነ በዓይኑ ቁጥር ይለያል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባቴን «ለምን አንዱን ዓይን ነፈጉት?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «ከሱ ጋራ ዓይን ለዓይን እንዳትገናኚ ነው» አሉኝ።

ኋላ የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ሥዕሉ ቆመ፣ ቀለም መፍጨቱም ቆመ። ወንድሜ እያረሰ ያበላናል፣ እኔ ደግሞ ወረታ ወርጄ ሥራ ፈለግሁ። ሩዝ በሜዳው ላይ ገና አዲስ ነገር ነበር። ዘሩን ሊሞክር የመጣ አንድ ጃፓናዊ ከነሚስቱ ወረታ ተቀምጦ ስለነበር ቤታቸው ገባሁ። ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ። የሚስቲቱን የእጅ ሥራ ያየሁት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ትቀመጥና ጣውላ ትቀርጻለች። መጀመሪያ በስስ ወረቀት ላይ ትስላለች። ወረቀቱን በግንባሩ ደፍታ ጣውላው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ማጣበቂያዋ የሩዝ ሙቅ ነው። ከዚያ መስመሩን ትታ በመስመሩ ዙሪያ ያለውን እንጨት በትንንሽ ቢላዋ ታነሣዋለች። ጣውላው ሲያልቅ ጥላሸት ከሩዝ ሙቁ ጋራ አዋሕዳ በብሩሽ ትቀባዋለች፣ ርጥብ ወረቀት ታለብሰዋለች፣ በክብ መዳመጫ እያዞረች ታሸዋለች። ወረቀቱ ሲገለጥ ሥዕሉ ቁጭ ብሏል። ሌላ ወረቀት ታለብሳለች፣ ያው ሥዕል ደግሞ ይወጣል። አባቴ አንድ ሚካኤል ለመሳል ክረምት ከበጋ ሲለፉ አይቻለሁና እጄን አፌ ላይ ጫንሁ።

ከአገሯ ያመጣቻቸውንም ሥዕሎች አሳየችኝ። መልአክ የለበትም፣ ጻድቅ የለበትም። ዝናብ የያዘው መንገደኛ ድልድይ ላይ ይሮጣል፤ አንዲት ሴት ፀጉሯን ታበጥራለች፤ ዓሣ ሻጭ ከገዢ ጋራ ይጨቃጨቃል። «ይኼ ማን ሆኖ ነው የተሳለው?» ስላት ትስቅና «ማንም» ትለኛለች። ተራ ሰው ሥዕል ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እሷ ደግሞ የኛን ሰው ትቀርጻለች። ጎንበስ ብለው ሩዝ የሚያርሙ ሴቶችን ቀርጻለች። አንድ ጊዜማ የቀበሌ ስብሰባ ቀረጸች፤ ተናጋሪው እጁን ሰቅሎ ይጮኻል፣ ሕዝቡ በሙሉ ተኝቷል። ባሏ ያችን አይቶ ደነገጠና ሣጥን ውስጥ ከተታት።

ያን ዕለት በተሰባበረ አማርኛዋ አንድ ነገር ነገረችኝ። ድሮ በአገሯ ሹማምንትን መሳል ክልክል ነበር አሉ። ሠዓሊዎቹ ታዲያ ሹሙን ድመት አድርገው ይስሉታል፣ ልብሱን ያለብሱታል፣ አቀማመጡን ይሰጡታል። ሹሙ ሥዕሉን ያያል፣ ድመት ነው ብሎ ይስቃል፣ ያልፋል። ገበያተኛው ግን ያውቃል። «ሹም ብቻ አያውቅ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ሹም ምንም አላደረገኝም ነበር፣ የሳቅሁት እንዲያው ለነገሩ ነው።

ቢላዋውን መያዝ አስተማረችኝ። መጀመሪያ የቀረጽሁት በሬያችንን ነበር፣ ቀንዱን ገነጠልሁት። ሁለተኛው ደህና ወጣልኝ። ሦስተኛው ወንድሜ ሆነ፣ ሞፈር ተሸክሞ ሲሄድ። ሳሳየው «እግሬን አቀጠንሽው» ብሎ ተቆጣኝ። የባልና ሚስቱ ጊዜ አልቆ ሲሄዱ ቢላዋዎቿን፣ ብሩሾቿንና መዳመጫዋን ጠቅልላ ሰጠችኝ። እኔም ወደ መንደሬ ተመለስሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የዚያው የመንደራችን ተወላጅ ነው። ሕፃን ሳለ አጎቱ አዲስ አበባ ወስዶ አሳደገው፣ ካድሬ ሆኖ ቦት ጫማ አጥልቆ ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያን አይረግጥም፣ የሚሄደውንም ያላግጥበታል። እናቱና አንድ ታናሽ ወንድሙ ከኛ ቤት ማዶ፣ ከኩሬው ወዲያ ይኖራሉ። ብሔራዊ ውትድርና በመጣ ጊዜ ማኅበሩ ይህን ያህል ወጣት ይስጥ ተባለ። ስብሰባ ተቀመጡና አንድ ደንብ አወጡ፤ ዓይነ ስውር ወላጅ የሚጦር አንድያ ወንድ ልጅ አይሄድም። ሊቀመንበሩ ራሱ ቆሞ ያነበበው ደንብ ነው። እኔም በጆሮዬ ሰምቼ እፎይ ብያለሁ።

ቅዳሜ ዝርዝሩ የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው ላይ የሊቀመንበሩ ታናሽ ወንድም ስም ነበር። ሰው ሁሉ «ለካስ እውነተኛ ነው» አለ። ማክሰኞ በዚያ ሳልፍ ሁለተኛው ስም ተሰርዟል፣ ከላዩ የወንድሜ ስም ተጽፏል። ጽሕፈቱ ያው የሊቀመንበሩ ነው። ቀለሙ ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ይኼኛው ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ሌላ ሰው ባያስተውለው እኔ ቀለም ፈጪ ነኝ። ፀሐይ ገና ስላልመታው ስሙ በዚያው ጠዋት እንደተጻፈ ዐወቅሁ። ሮጬ ወደ ማሳው ስደርስ ወንድሜ የለም። ሩዝ ሲያርም ለስብሰባ ትፈለጋለህ ብለው ወስደውታል፣ መጋዘኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋራ ቆልፈውበታል። ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ጫናቸው። የእግሩ ጭቃ እንኳ አልደረቀም ነበር። መኪናው ላይ ሆኖ «አባባን አደራ» አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ደንቡስ?» አልሁት። «ደንብ የተሠራው ለአብዮቱ ነው፣ አብዮቱ ሲጠይቅ ይሻሻላል» አለኝ። ወረዳ ሄድሁ፣ «ማኅበራችሁን ጠይቂ» አሉኝ። እንዲህ ሲያመላልሱኝ ዓመት ሞላ። በዚያው ሰሞን አንድ እግሩን ያጣ የመንደራችን ልጅ በክራንች መጣና ወንድሜ እንደሞተ፣ ከአጠገቡ እንደሞተ፣ የተቀበረበትንም እንደማያውቅ ነገረን። አባቴ በዳበሳ ሄደው የወንድሜን ጋቢ ከግድግዳው አወረዱና ታቅፈው ተቀመጡ።

ለቅሶ ላይ ሊቀመንበሩ መጣ። «ወንድምሽ ለእናት አገሩ ወድቋል፣ ልትኮሪ ይገባል» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አጠገቡ ያ ታናሽ ወንድሙ እግሩን ዘርግቶ ንፍሮ ይቅማል። ጉንጩ ሞልቷል፣ ፊቱ ወዝቷል። ንፍሮውን ያቀረብሁለት እኔ ነኝ፣ በሁለት እጄ። ያን ጊዜ ልቤ ቂም ቋጠረ። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም፣ እንደማደርግ ግን ዐወቅሁ። በሴት ጉልበት ምን ይደረጋል? ጠመንጃ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ብከስ ተከሳሹም ዳኛውም እሱ ነው። እየበላሁ አስባለሁ፣ እያረምሁ አስባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም አስባለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እግዜር ግን ሰማኝ መሰለኝ፣ ጠላቴን በእግሩ አምጥቶ እጄ ላይ ጣለልኝ። የአብዮት በዓል ሊደርስ ሲል፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ሊቀመንበሩ ጭቃውን እየረገጠ ቤታችን መጣ። ማኅበራቱ በዓሉን በሥዕል እንዲያደምቁ ታዝዟል፣ የወረዳው ማባዣ መሣሪያ ግን ተበላሽቷል።

«የዚያችን የጃፓንን ሥራ ትችያለሽ አሉ» አለኝ።

«እሞክራለሁ ጓድ ሊቀመንበር» አልሁ።

«እኔን ትስያለሽ። ሥዕሉ በየቦታው ይለጠፋል። ቢሮዬ ያሉትን ሦስቱን መሪዎች አይተሻል? እንደነሱ አድርጊኝ።»

ሦስቱን ማን ያላያቸው አለ? ጢማቸው የተንዠረገገ ሦስት የውጭ ሰዎች፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተደርድረው፣ ሦስቱም በጎን፣ ሦስቱም አንዳንድ ዓይን። የመንደራችን ባልቴቶች ለጉዳይ ቢሮ በገቡ ቁጥር ከዚያ ሥዕል ፊታቸውን ያሸሹ ነበር። ሊቀመንበሩ ይህን አያውቅም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«በጎን ማለትዎ ነው?» አልሁት።

«በጎን። ወደ ፊት የሚመለከት ሰው ሆኜ።»

«አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው፣ አይከፋዎትም?»

«ምን ያስከፋኛል? እነሱም አንድ ነው የሚታያቸው» ብሎ ሳቀብኝ፣ እንደ መሃይም ቆጥሮኝ። የጉንጬን ሥጋ በጥርሴ ነክሼ ያዝሁ። «እንዳሉኝ» አልሁ።

የዋንዛ ጣውላ አስመጣልኝ። በረንዳችን ላይ አስቀምጬው ያለ ዕረፍት ሠራሁ። በቁም ነገር ነው የሠራሁት፣ ማንም ሥራዬን እንዲንቅ አልፈለግሁም። አፍንጫው የሱው አፍንጫ ነው፣ ቆቡ የሱው ቆብ ነው፣ የአገጩ ጠባሳ እንኳ አልቀረም። የሚያየው ሁሉ ያለ ጥርጥር እሱ ነው እንዲል ነበር ጭንቀቴ። ዓይኑን የመጨረሻ አደረግሁት። አባቴ ለወታደሮቹ የሚሰጧቸውን ዓይን ሰጠሁት፤ ትልቅ፣ ክብ፣ ጥቁሩ ወደ ጥግ የተሸጎጠ። ስቀርጸው በየምቱ የወንድሜን ስም እጠራ ነበር።

አባቴ የቢላዋውን ድምፅ ሲሰሙ ሰነበቱና «እስቲ አምጪው» አሉኝ። ጣውላውን ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። መስመሩ ከፍ ብሎ የቀረ ስለሆነ በጣት ይነበባል። በቆቡ ጀመሩ፣ ግንባሩን ወረዱ፣ አፍንጫውን አለፉ። ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸውን ወዲያ አድርገው ሌላኛውን ፈለጉ፤ ተመልሰው ደግሞ ፈለጉ።

«ማነው ይኼ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«እኔ በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አድርጌ ስዬ አላውቅም» አሉ። «የሞቱትን ነው። የነሱ ነገር ተቆርጧል። ይኼ ግን ገና አልተጨረሰም።»

«እኔ ጨርሼዋለሁ» አልኋቸው።

ጣውላውን መለሱልኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባቴን በሕይወቴ ያሳዘንኋቸው ያን ቀን ነው፤ አልዋሽም። ቢሆንም በማግሥቱ ጠዋት ማተም ጀመርሁ። ወረቀቱን ሊቀመንበሩ ከቢሮ አስላከልኝ፣ ጥላሸቱን ራሴ አዘጋጀሁ። የሚከርመውን ጥቁር ነው ያደረግሁት።

በበዓሉ ቀን ሥዕሉ መጋዘኑ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ላይ፣ የማኅበሩ ሱቅ ላይ፣ የስብሰባው ዳስ ምሰሶ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። መጀመሪያ ያዩት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው። መጋዘኑ ፊት ቆሙ፣ ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ። ከዚያ አማተቡና አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሄዱ፤ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ከኋላ አየሁ። ከሳቸው በኋላ ሰዉ ተራ በተራ መጣ። ያያል፣ ያማትባል፣ ያልፋል። ሴቶቹ ወደ ሜዳው ሲወጡ ተያይዘው በሳቅ ይፈርሳሉ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሳምንቱ ስም ወጣለት፣ አንዳይና። አንዳይና መጣ፣ አንዳይና አዘዘ፣ አንዳይና ስብሰባ ጠራ። ሐሙሲት ገበያ ላይ አንድ የማላውቀው እህል ሸማች «እናንተ አገር ሊቀመንበሩ አንዳይና ነው አሉ፣ በምን ጠፋ?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰው ዓይኑን ማየት ተወ። ሲናገር መሬት ያያሉ፤ ሰላም ሲል ከትከሻው በላይ ያያሉ። አንድ ነፍስ ግን ሄዶ አልነገረውም። ቢነገረው እኔ እስር ቤት እንደምበሰብስ ሁሉም ያውቃል። እሱማ ምን ተዳው! «ሕዝቡ ሥዕሌ ፊት ቆሞ ያማትባል፤ ይኼ ኋላቀርነት ነው፣ ግን ፍቅሩን ያሳያል» አለኝ። ለምስጋና ከማኅበሩ ሱቅ ሁለት ሳሙና አስላከልኝ። በሳሙናው የወንድሜን ጋቢ አጠብሁበት። ይበለው አልሁ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አንዱን ሥዕል በፍሬም አስገብቶ እናቱ ቤት እንደሰቀለው የሰማሁት ቆይቼ ነው። ነገሩ አስደሰተኝ እንጂ አልከበደኝም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ የሊቀመንበሩ እናት በራችን ላይ ቆሙ። የኩሬው ውሃ ገና አልጎደለም ነበር፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ብቻቸውን ነው የተሻገሩት። ይግቡ ሳልላቸው ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ጀመሩ።

«ልጄ፣ እኔ ደጀ ሰላም ያደግሁ ሴት ነኝ። የአባትሽን ሥዕል ስሳለም ነው የኖርሁት። ያደረግሽውን ዐውቃለሁ።»

«ሊቀመንበሩ እንዳዘዙኝ ነው የሠራሁት» አልሁ።

«ተይ እንጂ!» አሉኝ። «እኔንም እንደሱ ታታልይኛለሽ? በሬን ስከፍት የማየው እሱን ነው። ጸሎቴን ሳደርስ ያየኛል፣ በዚያች በአንዷ ዓይኑ። አውርደው ብለው ለምን ይለኛል። ምክንያቱን ብነግረው አንቺን ያጠፋሻል። ሌላ ሰው ይጥፋ አልልም። ብቻ እባክሽ ሌላ ሥሪለት፣ በሁለት ዓይኑ አድርጊውና ይኼን ላውርደው።»

ሳቅሁ። አሮጊት ሴት ፊት፣ ገላቸው በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ሳቅሁ። «ወንድሜን ይመልሱልኝና ዓይኑን እመልስለታለሁ» አልኋቸው። «ወንድሜ በማን ፈንታ እንደሄደ ይጠፋዎታል? በዚያ ንፍሮ በሚቅመው ልጅዎ ፈንታ ነው። እሱ እቤትዎ እየበላ ነው። አባቴ ግን ጋቢ ታቅፈው ነው የሚያድሩት። ትልቁ ልጅዎ አስቀድሞ የታናሹን ስም ጽፎ ሰዉን አታለለ፣ ኋላ ሰረዘ። ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ዓይንም በዛበት።»

«አላታለለም» አሉ።

«እህ?»

«የታናሹን ስም ከልቡ ነው የጻፈው። ቅዳሜ ማታ መጥቶ ነገረኝ። ‹የሰው ልጅ ልኬ የእናቴን ልጅ ባስቀር ምን ፊት ይኖረኛል› አለኝ። እኔ ነኝ።» ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «እሑድን ሙሉ አለቀስሁበት፣ አልሰማኝም። ሰኞ ጡቴን አውጥቼ ፊቱ ተንበረከክሁ። በጠባኸው ጡት፣ ይኼን ልጅ ከወሰድህ ልጄ አይደለህም አልሁት። የእናት ጡት ተይዞበት ምን ያድርግ? ‹ታዲያ በሱ ቦታ ማንን ልጻፍ?› አለኝ። አላወቀም፣ ስም አልመጣለትም። የሠዓሊውን ልጅ ጻፍ ያልሁት እኔ ነኝ። አባቱን ቤተ ክርስቲያን ትጦራቸዋለች፣ ደግሞም ሴት ልጅ አላቸው አልሁት።»

ሴት ልጅ ያሉት እኔን ነው። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነበርሁ፣ ቁጭ አልሁ። አንድ ዓመት ሙሉ የጠላሁት ሰው የገዛ ወንድሙን ስም በገዛ እጁ የጻፈ ሰው ነው። ወንድሜን የመረጡት እኒህ ናቸው፤ በየሰንበቱ ከኋላዬ ቆመው የሚያስቀድሱት፣ የወንድሜ ለቅሶ ላይ ከሁሉ በላይ ደረታቸውን የደቁት። ያኔ እናቴ፣ እህቴ ብዬ አቅፌያቸው ነበር። ለልጃቸው አዘንሁለት እንዳልል አላዘንሁለትም፤ ደንቡን ያነበበው እሱ ነው፣ ስሙን የጻፈው እሱ ነው፣ ደጃፉ ስወድቅ የተሳለቀብኝም እሱ ነው። ቂሜ አልጠፋም፣ እንዲያውም ለሁለት የሚበቃ ሆነ።

«ለምን ነገሩኝ?» አልኋቸው።

«በአንድ ዓይን የሚሳል ካለ እኔ ነኝና። እሱን ተይው፣ እኔን ሳዪኝ። ከሱ ጎን እሰቅለዋለሁ። ሰው ቢጠይቀኝ እናገራለሁ።»

ይቅርታ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ጠብቄ ነበር። አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እምቢ የምልበት ቃል አፌ ላይ ነበር፣ ሳልናገረው ቀረ። ከግድግዳው ሥር የቀረችኝን አንዲት የዋንዛ ጣውላ አነሣሁ፣ ስሱን ወረቀት ዘረጋሁ፣ ብሩሹን ጥቁሩ ውስጥ ነከርሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ እጄ ቀኙን ያዝሁት፣ ረጋ አለ።

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ፀጉራቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ፣ ነጠላቸውን በወጉ አጣፉ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀና ብለው ተቀመጡ። በሁለት ዓይናቸው አዩኝ።

«በየትኛው በኩል ልዙር?» አሉኝ።

«በፈቀዱት» አልሁ።